በመጨረሻ ቀኖቻቸው ላይ ያሉትን ለሚያስታምሙ ምን እናስተምር?

አዲሷ አሰልጣኝ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አቅመ ደካሞችና በጠና የታመሙ ሰዎች የሚኖሩበት ማዕከል ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የመጨረሻ ሳምንቶቻቸውን የሚያሳልፉት እኛ ጋ ነው። አሁን ለአስታማሚዎቹ ሥልጠና እንዳዘጋጅ ተነግሮኛል። አስታማሚዎቹ ነርሶች አይደሉም። ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያገላብጣሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ። ከታማሚው ጋር ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት ግን እነሱ ናቸው።

እስካሁን ያገኘሁት የሥልጠና ጽሑፍ በሙሉ «ርኅሩኅ ሁኑ»፣ «ክብር ስጡ» ይላል። መልካም ነው። ግን አንዲት አስታማሚ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ አይነግረኝም። እኔ ያሰብኩት አልጋው ራስጌ ላይ የሚሰቀል፣ እየተጠቆመ የሚሞላ ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር።

በተለይ ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። ሠራተኞቹ ሞርፊን የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በጣም ይፈራሉ። ታማሚው «ልሞት ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ ምክንያት ፈጥረው ከክፍሉ ይወጣሉ።

ርኅራኄ አብሮን የሚወለድ ነው ወይስ ይሰለጠናል? ከምን ልጀምር? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ተባበሩኝ።

ሐኪሙ

ሰላም እህቴ። በአጭሩ ልመልስ፤ ከሕመም ጀምሪ። ሕመሙ ያልታገሠለት ሰው ጆሮው ለደግ ቃል ክፍት አይደለም።

የዘመናዊው የማስታገሻ እንክብካቤ እናት የምትባለው ሲስሊ ሶንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን (በመጨረሻ ቀኖቻቸው ላይ ያሉ ሰዎች እንክብካቤ የሚያገኙበትን ማዕከል) ስትከፍት ሁለት ነገር ይዛ ነበር። አንዱ፣ ማስታገሻ የሚሰጠው ታማሚው እስኪጮህ ተጠብቆ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚለው ነው። ሌላው፣ ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም የሚለው ነው። የልብ ጭንቀት፣ የቤተሰብና የገንዘብ ሐሳብ፣ የእምነት ጥያቄ አንድ ላይ ተደራርበው ያማሉ። አስታማሚዎችሽ ይህን ከተረዱ «መድኃኒቱን ወስዶ ለምን አሁንም ያቃስታል?» ብለው አይደነቁም፤ ምን እንዳስጨነቀው ይጠይቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውስጥ የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የሐኪም እጥረት አንድ ነገር ነው። አልጋው አጠገብ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ አለማወቁም ትልቅ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። ሥራሽ ቀላል ሥራ አይደለም፤ በርቺ።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጠና የታመሙ ሰዎች አልጋ አጠገብ ነው፤ አሁን ደግሞ አስታማሚዎችን አሰለጥናለሁ። ዶክተር ያሉት ልክ ነው፤ ሕመም ይቀድማል። እኔ ስለ እጅ ላውራሽ።

ርኅራኄ ይሰለጠናል። በንግግር ግን አይደለም። ሠራተኞቹን ሰብስበሽ «ርኅሩኅ ሁኑ» ብትያቸው ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ጨካኝ ነኝ ብሎ የሚያስብ ማን አለ? አልጋ አጠገብ ጭካኔ የሚመስለን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጥድፊያ፣ ከፍርሃትና ተኝቶ መታከም ምን እንደሚመስል ካለማወቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት ሳላወጣ አስተኛቸዋለሁ።

ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈላሉ። አንዱ አልጋ ላይ በጀርባው ይተኛል። ለግማሽ ሰዓት መንቀሳቀስ የለም። አፍንጫውን ቢያሳክከው እንኳ አስታማሚው ነው የሚያክለት። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ቆይቶ ሳቁ ይቆማል። ተረከዝ መቆርቆር ይጀምራል፤ የጀርባ ግርጌ አጥንት ይጠዘጥዛል። ከዚያ በኋላ የአልጋ ቁስል ለምን እዚያ ቦታ እንደሚወጣ፣ ታማሚ በሁለት ሦስት ሰዓት ልዩነት ለምን እንደሚገላበጥ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በነገራችን ላይ ሰው ሊሞት ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ማገላበጡ ለቆዳው ሳይሆን ለምቾቱ ብቻ ይሆናል። በሰላም ተኝቶ ከሆነ «ሰዓቱ ደርሷል» ብሎ መቀስቀስ አያስፈልግም። ይህንንም ንገሪያቸው።

ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይመጡና የተኛውን ምንም ሳይነግሩት ያገላብጡታል። እያገላበጡትም ስለ ፈረቃ ለውጥ ያወራሉ። ይህን እኔ የፈጠርኩት እንዳይመስልሽ፤ በየክፍሉ በየቀኑ የሚደረግ ነው። ከዚያ እንደገና በሥርዓቱ እናደርገዋለን። እሱ በሚያያቸው በኩል ይቆማሉ። ስማቸውን ይነግሩታል። «አሁን ወደ ግድግዳው ዞር ላደርግዎት ነው፤ እጄን ትከሻዎ ላይ ላድርግ» ይላሉ። እስኪሰማ ይጠብቃሉ። ከዚያ ብቻ ይነኩታል። ግዙፍ፣ ጉልበተኛ የሆነ ሠልጣኝ ከአልጋው ሲነሣ «ድንገት ሲይዙኝ የምወድቅ መሰለኝ፤ ስትነግሩኝ ግን ሰውነቴ ራሱ ተባበራችሁ» አለን። አየሽ፣ ርኅራኄ ሥራውንም ያቀልላል። ያልተነገረው ታማሚ ደንግጦ ይገትራል፤ ሲገትር ያመዋል፤ የሚያነሣውም ሰው ወገቡን ይጎዳል።

ስምን መናገር ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታልፊው። ኬት ግሬንጀር የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ራሷ በካንሰር ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ከሚያክሟት ሰዎች ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ እንኳ እንደማይነግሯት አስተዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 «ጤና ይስጥልኝ፣ ስሜ እገሌ ይባላል» የሚል ትልቅ ዘመቻ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈች፤ ዘመቻው ግን ከአገሯ አልፎ ሄዷል። ሐኪም ሆና፣ የሆስፒታልን ነገር ሁሉ እያወቀች፣ የጎደላት ያ ነበር። በማያውቀው እጅ የሚታጠበው ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቢው።

አሁን ወደ አፍ። ጊዜ ቢያጥርሽና አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ብትችዪ፣ የአፍ እንክብካቤን አስተምሪ እልሻለሁ። ወደ መጨረሻው የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ምላሱ ይደርቃል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ምራቁ ወፍሮ ላንቃው ላይ ይጣበቃል። መናገር የፈለገ ሰው እንኳ አፉ አልላቀቅ ብሎት ዝም ይላል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወይም ስፖንጅ በንጹሕ ውኃ ታርሶ፣ በደንብ ተጨምቆ፣ መጀመሪያ ከንፈር፣ ከዚያ የጉንጭ ውስጥ፣ ከዚያ ምላስ። ወደ ጉሮሮ ጠልቆ መግባት የለም፤ ያስታውከዋል። ውኃው መንጠባጠብ የለበትም፤ መዋጥ ካልቻለ ያንቀዋል። ጭንቅላቱ ትንሽ ወደ ጎን ይዘንበል። መጨረሻ ላይ ለከንፈሩ ቅባት። ነቅቶ ሳለ በየሰዓቱ ቢደረግለት አይበዛም። ሎሚና ግሊሰሪን የተነከረ ጥጥ የሚጠቀሙ ካሉ ያስቀሩ፤ ያረጠበ ይመስላል እንጂ ኋላ ላይ ይበልጥ ያደርቃል።

ይህንን እርስ በርሳቸው ያድርጉት። ሌላ ሰው አፍሽ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደምትገትሪ የምታውቂው ያኔ ነው። ዓይን ለዓይን እየተያየሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ «አሁን ላቆም?» እያልሽ ስትሠሪው ደግሞ ያ ሁሉ መገተር ይላላል።

የአፍ እንክብካቤ ሌላም ጥቅም አለው። ታማሚው መብላት ሲያቆም ቤተሰብ ይጨነቃል። «ራበው፣ ስጡት እንጂ!» ይላሉ፤ በማንኪያ ሊያስገድዱት ይሞክራሉ። ሰውነቱ እየዘጋ ስለሆነ ነው የማይበላው፤ ማስገደድ ትንታ ከማምጣት በቀር የሚጠቅመው የለም። ግን «አትስጡት» ብሎ ብቻ እጃቸውን ባዶ ማስቀረት ለእነሱ ከባድ ነው። ስፖንጁን ስጫቸው። ከንፈሩን ሲያርሱለት የሆነ ነገር እያደረጉለት ነው፤ እያደረጉለትም ነው እኮ።

ስለ ዝርዝሩ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። እንግሊዝ ውስጥ በሊቨርፑል ስም የሚጠራ የመጨረሻ ቀናት እንክብካቤ መመሪያ ነበር። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ በሆስፒስ የሚደረገውን መልካም ነገር ወደ ሆስፒታል ማምጣት። የማያውቁት እጅ ላይ ሲገባ ግን እየተጠቆመ የሚሞላ ወረቀት ሆነ። ስለ ውኃ፣ ስለ ማደንዘዣ፣ ለቤተሰብ ስላለመንገር ብዙ ቅሬታ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጁሊያ ኒውበርገር የተመራ ገለልተኛ ቡድን መረመረውና መመሪያው እንዲቀር ተወሰነ። በደንብ በሠለጠነ ሰው እጅ ጥሩ ይሠራ እንደነበርም መርማሪዎቹ ተናግረዋል። ስለዚህ ወረቀት አትሥሪ አልልሽም። ወረቀቱ ከሥልጠናው በኋላ ይምጣ፤ አጭር ይሁን፤ «አፉን አይቻለሁ ✓» ከሚል ይልቅ «አፉ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይሁን። የመጀመሪያውን ሳያዩ መሙላት ይቻላል፤ ሁለተኛውን አይቻልም።

«ልሞት ነው እንዴ?» ወደሚለው ልምጣ። ሠራተኞችሽ የሚወጡት ልባቸው ደንድኖ አይደለም፤ መልስ መስጠት ያለባቸው ስለሚመስላቸው ነው። «ኧረ ምን በወጣዎት! ይድናሉ» የሚለውም ከዚያው ፍርሃት ነው የሚወጣው። ታማሚው ግን ይገባዋል። ከዚያ በኋላ አይጠይቅም፤ ብቻውን ያስበዋል።

የማስለምዳቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መቀመጥ። ቆሞ መመለስ የለም። ከዚያ «ምን ተሰምቶዎት ነው ዛሬ የጠየቁኝ?» ማለት። ከዚያ ዝም። ዝምታው ነው የሚከብደው። በልምምድ ላይ አንድ ሠልጣኝ ይጠይቃል፣ ሌላው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይልና ለአንድ ደቂቃ ሙሉ አፉን ይዘጋል። አብዛኞቹ ግማሹ ሳይሞላ መናገር ይጀምራሉ። ደግመን ደጋግመን እንሠራዋለን። ደቂቃው ሲሞላ ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ ይናገራል። የሚናገረው ስለ ሞት ላይሆን ይችላል። ሌሊት ብቻውን መሆን ይፈራ ይሆናል። ያልታረቀው ወንድም ይኖረዋል። ትንፋሽ ሲያጥረው እታነቃለሁ ብሎ ይሰጋል። ይህ ሁሉ መፍትሔ ሊፈለግለት የሚችል ነገር ነው። አስታማሚዋ መጨረሻ ላይ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህንን ግን ለነርሷ ዛሬውኑ እነግርልዎታለሁ» ትላለች፤ ትነግራለችም። መንገር ካልቻለች ቃል አትገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥነ አእምሮ ሐኪሟን የኤልሳቤት ኩብለር ሮስን አምስት ደረጃዎች፣ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል የሚሉትን፣ ብዙ ሥልጠና ላይ ታገኛለሽ። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ሰው በሞት ፊት የተለያየ ስሜት እንደሚያድርበት ማሳየታቸው ይጠቅማል። ግን ሰው ተራ በተራ አያልፍባቸውም። «ይቺ ገና ቁጣ ላይ ናት» እያለች ታማሚዋን የምትመድብ አስታማሚ እንዳታፈሪ። ሴትዮዋ የተቆጣችው አንሶላዋ ስለረጠበ ሊሆን ይችላል።

ልጃቸው

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። እናቴን ያጣሁ ሰው ነኝ። አሰልጣኟ ይህንን ጽሑፍ ለሠራተኞቿ ብታነብላቸው ብዬ ነው።

እናቴ በመጨረሻው ሌሊት ትንፋሿ ይቆማል፣ ከዚያ ደግሞ በኃይል ይመጣል። በየመሐሉ ሞተች እያልኩ እጮሃለሁ። ጉሮሮዋ ይንኮራኮራል። ታንቃለች ብዬ ሰው ፍለጋ ኮሪደሩ ላይ ሮጥኩ። አንዷ የመጣችው ሠራተኛ ምንም ሳትለኝ የሆነ ነገር አይታ ሄደች። ሁለተኛዋ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ምራቋን መዋጥ ስላቃታት ነው የሚንኮራኮረው፤ እሷን አያስጨንቃትም፤ ፊቷን ተመልከት፣ ግንባሯ አልተቋጠረም» አለችኝ። በጎኗ አስተኛቻት፤ ድምፁም ቀነሰ። ከዚያ «ትሰማህ ይሆናል፤ አውራት» አለችኝ። ያወራኋት እሷ ስላለችኝ ነው። ባትነግረኝ ኖሮ ያንን ሌሊት ኮሪደር ለኮሪደር ስሮጥ ነበር የማሳልፈው።

ሠራተኞቻችሁ እኛንም እንደሚያስታምሙ ይወቁ።

አዲሷ አሰልጣኝ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር፤ አነብላቸዋለሁ።

እትዬ ተረኛ፣ ዝርዝሬን ለጊዜው አስቀምጫለሁ። እባክዎ ሁለት ነገር ብቻ ይጨምሩልኝ። የሞርፊኑ ነገር፤ «ሱስ ያስይዛል፣ ይገድላል» የሚሉትን ምን ልበላቸው? ደግሞም ሰው በሞተ ቁጥር የሚያለቅሱ ሠራተኞች አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ ምንም የማይሰማቸው ሆነዋል። የትኛው እንደሚያሳስበኝ ራሴም አላውቅም።

የሌሊት ተረኛ

ልጃቸው ያሉት ትክክለኛ ትምህርት ነው። ነፍስ ይማር። ያቺ ሁለተኛዋ አስታማሚ ያወቀችው ነገር ሁሉ በግማሽ ቀን የሚሰጥ ነው። እጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ጉልበትና እግር ላይ ቆዳ መዥጎርጎር፣ ትንፋሽ እየቆመ መምጣት፣ የጉሮሮ መንኮራኮር። አስታማሚ እነዚህን መጀመሪያ የምታያቸው ታማሚው ላይ ከሆነ ትደነግጣለች፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ሌላውን ማጽናናት አይችልም። አስቀድመሽ ንገሪያት። ድንገት መቁነጥነጥና አንሶላ መጎተት ሲመጣ ደግሞ «ጣር ነው» ብላ እንዳትተወው። ሽንት ፊኛው ሞልቶ ይሆናል፤ ሰገራ ደርቆበት ይሆናል፤ አንሶላው ረጥቦ ይሆናል። መጀመሪያ እነዚህን ታይ፣ ከዚያ ነርስ ትጥራ።

ሞርፊን። ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ ከትንሽ ተጀምሮ እየታየ ሲጨመር፣ ሞትን አያፋጥንም። ለሕመም በአግባቡ የተሰጠው ሰው ሱሰኛ ይሆናል የሚለው ፍርሃትም በመጨረሻ ቀኖቹ ላይ ላለ ሰው ቦታ የለውም። ግን ክርክር ብቻ ፍርሃት አያስለቅቅም። ሥራውን ስጫቸው። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን አራት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ ይታዘዛል። አንዱን ሰዓት መዝለል ማለት ሕመሙን መልሶ መጥራት ነው። ሥራ የሚጀምረው ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ገላ ማጠብ ወይም ቁስል ማሰር የሚያሳምመው ሰው ካለ፣ አስታማሚዋ ቀደም ብላ «ከማጠቤ በፊት ተጨማሪው ይሰጠው?» ብላ ነርሷን ትጠይቅ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ የስንቱን ሰው ጠዋት እንደምትለውጥ ሳይ ኖሬያለሁ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ይህ ሁልጊዜ ሊባል የሚችል ነው። ማለስለሻ አብሮ መታዘዙን፣ ከተጸዳዳ ስንት ቀን እንደሆነው የምታውቀው እሷ ናት። ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ ወይም በጣም የዘገየ ትንፋሽ ካየች ወዲያው ትናገር። ምን እንደምታይ ያወቀች ሴት መድኃኒቱን መፍራቷን ትተወዋለች፤ መጠንቀቋ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ያስፈልገናል።

መናገር የማይችለው ሰው እንዳይረሳ። የመርሳት በሽታ የጸናበት ሰው «አመመኝ» አይልም። ትንፋሹን፣ ማቃሰቱን፣ ፊቱን፣ ሰውነቱን፣ ሲያባብሉት መረጋጋቱን አይቶ ነጥብ የሚሰጥ ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ። አምስት ነገር ብቻ ስለሆነ ማንም ይለምደዋል። ደግሞ ስታገላብጠው ትየው፤ ዝም ብሎ ሲተኛ የማይታይ ሕመም ያኔ ፊቱ ላይ ይወጣል።

ስለሚያለቅሱትና ስለማይሰማቸው። የምታለቅሰው አታሳስብሽ፤ አልቅሳ ወደ ሥራዋ የምትመለስ ከሆነ ደህና ናት። የማይሰማውን ግን አትውቀሺው። ሰው ከሞተ በሰዓታት ውስጥ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። ስሙን ሳይጠራ፣ ሳይሰናበት፣ ወደሚቀጥለው። ይህ ሲደጋገም ልብ ራሱን ይዘጋል። እኛ ጋ ሰው ባረፈ ቀን ፈረቃ ሲቀያየር አሥር ደቂቃ እንቀመጣለን። ያጠበው፣ ያበላው፣ መጨረሻ ላይ የነበረው ሰው ይናገራል። ምን ጥሩ ሆነለት? ምን ቀረ? ማንም አይገመገምም። ጽዳት የምትሠራውም ትገባለች፤ ብዙ ጊዜ ታማሚው የልቡን የሚያወራው ለእሷ ነው።

ለኃላፊዎችሽም ይህንን በግልጽ ንገሪያቸው። አንዲት አስታማሚ በአንድ ጠዋት ልትደርስላቸው ከምትችለው በላይ ሰው ከተሰጣት፣ እኔም ሆንኩ አንቺ በሥልጠና ልናድናት አንችልም። መቀመጥን አስተምረሽ መቀመጫ ጊዜ ከሌላት በራሷ ታዝናለች እንጂ አትቀመጥም። ሥልጠናውን ስታቀርቢ የሰው ቁጥሩንም አብረሽ አቅርቢ።

ፈተና አትስጪ። አዲሷ አስታማሚ ጎበዝ የምትዪያት ሴት ጋር ተጣምራ ትሥራ፤ ከዚያ አንቺ ራስሽ አንድ ጠዋት አብረሻት ግቢ። አንኳኩታ ገባች ወይ? ስሟን ተናገረች? እጇን አሞቀች? ታማሚው ራቁቱን የሚቆየው ለምን ያህል ጊዜ ነው፤ የማይታጠበውን ክፍል ሸፈነችለት? እየሠራች የምታየው ፊቱን ነው ወይስ ሥራዋን ብቻ? ያየሽውን ከክፍሉ ወጥታችሁ ለብቻዋ ንገሪያት፤ ታማሚው ፊት አይሆንም። መጀመሪያ ግን እነዚያ ሁሉም የሚወዷቸው፣ ታማሚዎች በስም የሚጠሯቸው ሠራተኞችሽ እነማን እንደሆኑ ለዪ። አጣማሪዎችሽ እነሱ ናቸው፤ ሥልጠናውን ከመጀመርሽ በፊት አናግሪያቸው።